ቁስል እንዴት ይሽራል? የአዲስ ደም ሥር ሥራና የእኛ አደራ

(በሬድዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቁስል እንነጋገራለን። «ይህ የሐኪም እንጂ የኢማም ጉዳይ አይደለም» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሰዎች ወደ እኛ ይዘዋቸው ከሚመጡ ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንደኛው «እግሬ ላይ ያለው ቁስል ለምን አልድን አለኝ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ቁስሌ በፋሻ ታሽጓል፤ ለውዱእ ልፍታው ወይስ ልተወው?» የሚል ነው። አንዱ የጤና፣ ሌላው የዲን ጥያቄ ይመስላል። የሁለቱም መልስ ግን አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። እሱም በቁስሉ ውስጥ የሚበቅሉት፣ በዓይን የማይታዩት ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው።

ሰኞ ዕለት ደሴ ሰኞ ገበያ የቆመ ሰው ዓይኑን ወደ መሬት ጣል ቢያደርግ ብዙ እግር ያያል። ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከደሴ ዙሪያ ሌሊት ተነስቶ የመጣ አለ። በረባሶ የተጫማ አለ፤ ኮንጎ ጫማ ያደረገ አለ፤ ሸክም ተሸክሞ በባዶ እግሩ የሚሄድም አይጠፋም። አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ትቆርጥና በሚቀጥለው ሰኞ ስትመጣ ጠባሳው ብቻ ቀርቶ እናያለን። ሌላው አዲስ ጫማ ልጦት ትንሽ ውሃ የቋጠረች እብጠት ትወጣበታለች። ወሩ ያልፋል፣ ሁለተኛው ይደገማል፣ ቁስሉ ግን ይሰፋል እንጂ አይጠብም። በመጨረሻም እግሩን እስከማጣት የሚደርስ አለ። ሁለቱም የአንድ ገበያ ሰዎች ናቸው፤ አቧራው አንድ፣ ፀሐዩም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ከቆዳቸው ሥር ነው።

ደም የሚያልፍበት ስውር መንገድ

ደም ከልብ የሚወጣው በደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው በደም መልስ ነው። በሁለቱ መካከል ደሙ በምን በኩል ይሻገራል የሚለው ለብዙ ዘመናት እንቆቅልሽ ነበር። ደማስቆ ላይ የተማሩትና ካይሮ ላይ ያገለገሉት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪምና የፊቅህ ዓሊም ኢብኑ ነፊስ፣ እ.ኤ.አ. በ1242 አካባቢ በጻፉት የኢብኑ ሲና ሥራ ማብራሪያ፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚሻገረው በልብ ግድግዳ ሳይሆን በሳንባ በኩል መሆኑን አስረዱ። በሳንባ ውስጥም ከደም ቅዳው ወደ ደም መልሱ የሚያሻግሩ መተላለፊያዎች እንዳሉ ገለጹ። ይህ ጽሑፋቸው ለረጅም ዘመን ተረስቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1924 በርሊን በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ግብፃዊ ሐኪም አገኙት። እነዚያን ቀጫጭን ሥሮች በማጉያ መሣሪያ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ጣሊያናዊው ማልፒጊ ሲሆን፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1661 ነው።

የእነዚህ ሥሮች ጥቅም ምንድን ነው? የሰውነታችን ሕዋስ ኦክስጅንና ምግብ የሚያገኘው ከእነሱ ነው። አንድ ሕዋስ ከቅርቡ ቀጭን ሥር ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ሁለት አሥረኛ በላይ ከራቀ በሕይወት መቆየት ይከብደዋል። ቆዳ ሲቆረጥ ታዲያ የሚበጠሰው ቆዳው ብቻ አይደለም፤ ሥሮቹም አብረው ይበጠሳሉ። ስለዚህ ጉድጓዱን የሚሞላ አዲስ ሥጋ ከመብቀሉ ጋር ሥጋውን የሚመግብ አዲስ ሥር መብቀል አለበት። ቦርከና አጠገብ በመስኖ የሚያርስ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቦይ ባልደረሰበት መሬት ላይ ዘር ቢዘሩበት አይበቅልም።

ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ አራተኛው ቀን

ቢላ ጣት ሲቆርጥ መጀመሪያ የሚደርሱት ፕላትሌት የሚባሉት በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ እጅግ ጥቃቅን አካላት ናቸው። እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍናሉ፤ ደሙም ይረጋል። የእነሱ ሥራ ግን በዚህ አያበቃም። በውስጣቸው የቋጠሩትን መልእክት ይለቃሉ። እነዚህን መልእክቶች ሐኪሞች «ግሮውዝ ፋክተር» ይሏቸዋል፤ እኛ የዕድገት መልእክተኞች ብንላቸው ያስኬዳል። ከአንዱ ሕዋስ ወጥተው ወደ ሌላው በመድረስ «ና»፣ «ተባዛ»፣ «አቁም» እያሉ የሚያዙ ፕሮቲኖች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልእክተኞች በማግኘታቸው ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ እና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከፕላትሌት የሚወጣው ዋነኛ መልእክተኛ ፒ.ዲ.ጂ.ኤፍ. ይባላል። ሥጋን የሚሠሩ ሕዋሳትን ወደ ቁስሉ ይጠራል። አብሮት የሚወጣው ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ ደግሞ ጀርም ተከላካይ ሕዋሳትን ይጠራል፤ ኋላም የጠባሳውን ክር ያስፈትላል። ከተጎዳው ሥጋ ራሱ ደግሞ ኤፍ.ጂ.ኤፍ. የሚባለው ይለቀቃል፤ ይህም የደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳትን ከእንቅልፋቸው ይቀሰቅሳል።

በቀጣዮቹ ቀናት ቁስሉ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማልም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። መጠነኛ ከሆነ ግን የጽዳት ሥራ ምልክት ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሙን ይዋጋሉ፤ ማክሮፋጅ የሚባሉት ደግሞ የሞተውን ሥጋ እየበሉ ያጸዳሉ። ማክሮፋጆቹ ጽዳቱን ሲያገባድዱ ጠባያቸውን ለውጠው ወደ ግንባታ ይዞራሉ። እነሱም በተራቸው አዲስ ሥር የሚያስበቅሉ መልእክቶችን መላክ ይጀምራሉ። ይህ መዞር የጠቅላላው ፈውስ ወሳኝ ነጥብ ነው፤ ቁስሉ አልድን በሚልበት ሰው ላይ የሚሰናከለውም ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

አዲሱን ሥር የሚጠራው ማን ነው?

ከሥሮቹ መበጠስ የተነሣ የቁስሉ መሐል ኦክስጅን ያጥረዋል። ሕዋስ ይህን እጥረት እንዴት ያውቃል? በየሕዋሳችን ውስጥ ኤች.አይ.ኤፍ. የሚባል ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይሠራል። ኦክስጅን በቂ ሲሆን ወዲያው ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲያንስ ግን ሳይፈርስ ይቀራል፤ ወደ ሕዋሱ እምብርት ገብቶም የተለያዩ ትእዛዞችን ያስተላልፋል። ይህን አሠራር የደረሱበት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍ እና ግሬግ ሴሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 ኖቤል ተሸልመዋል።

ከትእዛዞቹ ትልቁ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለውን መልእክተኛ ማስወጣት ነው። ይህ መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1983 በዶክተር ድቮራክ ቤተ ሙከራ የደም ሥርን የሚያሳልፍ ንጥረ ነገር ተብሎ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ዶክተር ፌራራና ባልደረቦቹ ለይተው አጠሩት፤ የዛሬ ስሙም የወጣለት ያኔ ነው። ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ከተራበው ሥጋ ተነሥቶ በአካባቢው ወዳለው ጤናማ ሥር ይደርሳል። በሥሩ ግድግዳ ላይ ካሉት ሕዋሳት መካከል አንዱ መልእክቱን ቀድሞ ይቀበልና ፋና ወጊ ይሆናል። ጣት የመሰሉ ቅርንጫፎች አውጥቶ መልእክቱ ወደሚበረታበት አቅጣጫ እየዳሰሰ ይሄዳል። ከጎኑ ላሉት ደግሞ «እናንተ አትምሩ፣ ተከተሉ» የሚል ምልክት ይሰጣል። እነሱም እየተባዙ ከኋላው ቧንቧውን ይሠራሉ። ሁሉም መሪ ቢሆኑ ኖሮ የሚበቅለው የተመሰቃቀለ፣ ደም የማያስተላልፍ ሥር ይሆን ነበር። ከአንዱ በኩል የመጣው ቡቃያ ከሌላው በኩል ከመጣው ጋር ሲገናኝ ደም በውስጡ ይፈሳል።

አዲሱ ቧንቧ መጀመሪያ ላይ ልል ነው፤ ያንጠባጥባል፤ በቀላሉም ይበጠሳል። እንዲጸና ከውጭ የሚደግፉት ሕዋሳት ያስፈልጉታል። እነሱን የሚጠራው ቅድም በመጀመሪያው ደቂቃ ያየነው ፒ.ዲ.ጂ.ኤፍ. ነው፤ አንጂዮፖየቲን የሚባል ሌላ መልእክተኛም ያግዘዋል። እንግዲህ አንድ መልእክተኛ ብቻውን ሥራውን አይጨርስም። አንዱ ያስጀምራል፣ ሌላው ያስፋፋል፣ ሌላው ያጸናል። ተራው ከተፋለሰ ሥሩ ቢበቅል እንኳ አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ ለዓይን የሚታይበት መልክ አለው። ከሦስተኛ ወይም ከአራተኛ ቀን በኋላ በንጹሕ ቁስል ውስጥ ቀይ፣ እርጥብ፣ ጥቃቅን ፍሬ የመሰለ ሥጋ ይወጣል። እናቶቻችን «ቀይ ሥጋ አወጣ፣ ሊድን ነው» የሚሉት ይህንን ነው፤ ትክክልም ናቸው። እያንዳንዷ ፍሬ የአዳዲስ ቀጫጭን ሥሮች ጥቅል ናት። ሲነኳት ቶሎ የምትደማውም ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ በቁስሉ ውስጥ ያለው የሥር ብዛት ከጤናማው ቆዳ በእጅጉ ይበልጣል። ቀይ ሥጋው ምንጣፍ ይሆንና አዲሱ ቆዳ ከዳር ወደ መሐል ይሄድበታል።

የሚያስጀምር እንጂ የሚያስቆም ባይኖርስ?

ቁስሉ ከተሸፈነ በኋላ ያ ሁሉ ሥር አያስፈልግም። ኦክስጅን ሲዳረስ ኤች.አይ.ኤፍ. እንደገና መፍረስ ይጀምራል፤ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ይቀንሳል። የሥርን መብቀል የሚገቱ ሌሎች መልእክተኞች ተራቸውን ይይዛሉ። ትርፍ የሆኑት ሥሮች ይከስማሉ፤ የቁስሉ ቅላትም እየጠፋ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ከዚያ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ እየጠነከረ ይሄዳል። ቢጠነክር ግን የቀድሞውን ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ያህል ቢያገኝ ነው። ስለዚህ ቁስል የነበረበት እግር ከዳነ በኋላም እንክብካቤ ይሻል።

የማስቆሙ ሥራ ሲጓደል ምን እንደሚከተል በሁለት ነገሮች እናየዋለን። አንደኛው ኬሎይድ ነው፤ ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ እያበጠ ያድጋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች ላይ በብዛት ይታያል። ሁለተኛው ካንሰር ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጁዳ ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1971 እጢ የሚያድገው የራሱን የደም ሥር እያስበቀለ ነው፤ ሥሩ ከተከለከለ እጢው ይራባል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎች በጊዜው አልተቀበሉትም ነበር። በዚሁ መንገድ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍን የሚያግድ ቤቫሲዙማብ የተባለ የካንሰር መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሕመምተኛ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ታዲያ ቁስሉ ቶሎ አይጠግግም። ለዚህም ሲባል ሐኪሞች በመድኃኒቱና በቀዶ ጥገናው መካከል ቢያንስ 28 ቀን እንዲቆይ ያደርጋሉ። የቁስል ፈውስ ያለ አዲስ ሥር እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አልድን ያለው ቁስል

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በአካባቢያችን ቁስልን አላድን ከሚሉ ምክንያቶች ሁለቱን በተለይ እናንሣ፤ የስኳር በሽታንና የነርቭ መደንዘዝን።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከስኳር በሽታ ጋር የሚኖሩ አዋቂዎች 1.9 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ብዙው ሰው በሽታው እንዳለበት የሚያውቀው እግሩ ከቆሰለ በኋላ ነው። በደም ውስጥ ስኳር በዝቶ ሲቆይ ቅድም የቆጠርናቸው ደረጃዎች አንድ በአንድ ይበላሻሉ። ሕዋሱ ኦክስጅን ቢያጥረውም ኤች.አይ.ኤፍ. በሚገባ አይጠራቀምም፤ ጥሪው ይዳከማል። ማክሮፋጆቹ ከጽዳት ወደ ግንባታ ሳይዞሩ ቁስሉ ለሳምንታት ይቆጣል። ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽም መልእክተኞቹን የሚበሉ ኤንዛይሞች ይበዙበታል። በዚህ ላይ ትላልቆቹ የእግር ደም ሥሮች ከጠበቡ ለአዲሶቹ ቡቃያዎች የሚደርስ ደም አይኖርም።

ሁለተኛው መደንዘዝ ነው። ስኳር ነርቭን ይጎዳል፤ የሥጋ ደዌም እንዲሁ። ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ የተቋቋመው አለርትም እንዲሁ። የሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ የሞተው ነርቭ ግን አይመለስም። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በህንድ ቬሎር የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አስተማረ። የእነዚህ ሰዎች እግር የሚቆስለው በሽታው ሥጋቸውን ስለሚበላው ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማቸው ነው። ጤነኛ ሰው እግሩን ሲያመው ያነክሳል፤ በማነከሱም ቁስሉን ያሳርፋል። ያልተሰማው ግን እንደ ወትሮው ይረግጠዋል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነት ክብደት ያን ለጋ ሥር ይደፈጥጠዋል። ብራንድ እግሩን በጀሶ አሽጎ ሲያሳርፈው ለዓመታት የቆዩ ቁስሎች ዳኑ። ከሰኞ ገበያ ለመቅረት የማይቻለው ነጋዴ ወንድማችን ቁስሉ ለምን እንዳልዳነ ከዚህ ይረዳዋል። ቅባት ሳይጠፋ እረፍት ጠፍቶ ነው።

ቁስል ተከታታይ እንክብካቤ ይሻል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የጤና ተቋማት ተጎድተው፣ ንብረታቸውም ተዘርፎ ነበር። ኢንሱሊን የሚወስደውም፣ ቁስሉን በየቀኑ የሚያሳጥበውም ያኔ ምን ያህል እንደተቸገረ የከተማው ሰው ያውቃል። ዛሬ ክፍት በር እያለ በቸልተኝነት እቤት መቀመጥ እንግዲህ ምን ይባላል?

መልእክተኛውን በቅባት መልክ

«መልእክተኛው ካነሰ ከውጭ ቢጨመርስ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ተሞክሯል። ፒ.ዲ.ጂ.ኤፍ. በቤተ ሙከራ ተመርቶ በካፕለርሚን የተባለ ቅባት ሆነና እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ቅባቱን ከተጠቀሙት መካከል 50 በመቶው ሙሉ በሙሉ ሲድኑ፣ መድኃኒት የሌለበትን ቅባት ከተቀቡት ደግሞ 35 በመቶው ድነዋል። ጥቅም አለው፤ ተአምር ግን አይደለም። ከዚሁ ምርምር ጋር የታየው ሌላ ነገር ይበልጥ ያስተምረናል። የሞተውን ሥጋ ደጋግመው ቆርጠው በሚያጸዱ ሐኪሞች ዘንድ ቅባቱን ያገኙትም ያላገኙትም ሕመምተኞች በተሻለ ሁኔታ ድነዋል። «ሐኪሙ ቁስሌን አሰፋብኝ» ብላችሁ ተቆጥታችሁ የተመለሳችሁ ይህን ልብ በሉ። የሞተ ሥጋ ባለበት አዲስ ሥር አይገባም።

ቤት ውስጥ ማድረግ ያለብን

አንደኛ፣ ደም ሲፈስ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ነው። የቡና ዱቄት፣ የከብት እበት፣ አፈር አይነስነስ። ባዕድ ነገር ጽዳቱን ያራዝማል፤ መንጋጋ ቆልፍም ያመጣል። በኡሑድ ዘመቻ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲቆስሉ ፋጢማ (ረ.ዐ) ሰሌን አቃጥላ አመዱን ማድረጓ የታወቀ ነው። ይህ የሆነው በውሃ ሲያጥቡት አልቆም ያለውን ደም ለማቆም፣ በዚያው ሰዓት ከእሳት በወጣ አመድ ነው። ለሳምንታት በቆየ ቁስል ላይ ከምድጃ ሥር የተዛቀ አመድ ለማድረግ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፣ ቁስሉን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይበቃል። ስፕሪትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ሲገድሉ ለጋውን ሕዋስም ይገድላሉ።

ሦስተኛ፣ ቁስልን «አየር ያግኘው» ብሎ ገልጦ ማድረቅ ትክክል አይደለም። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ የተሸፈነውና እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል ተገልጦ ከደረቀው በሁለት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ አለበሰ።

አራተኛ፣ ማርን በተመለከተ ፈውስ መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል። ሐኪሞችም ለቁስል የሚሆን ማር ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን እነሱ የሚጠቀሙበት ከጀርም የጸዳ ነው። ከገበያ የተገዛው ለመጠጣት እንጂ ለጥልቅ ቁስል ያለ ሐኪም ምክር አይደረግ።

አምስተኛ፣ ሲጋራ ቀጫጭን ሥሮችን ያጠባል፤ የቆሰለ ሰው ይተው። በአንጻሩ ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ከተቻለም ሥጋው ይቅረብለት። አዲስ ሥጋ ያለ ፕሮቲን አይሠራም። ብርቱካን፣ ሎሚና ቃሪያ የያዙት ቫይታሚን ሲም ለጠባሳው ክር አስፈላጊ ነው።

ስድስተኛ፣ የስኳር ሕመምተኛ ማንኛውንም የእግር ቁስል በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ለሐኪም ያሳይ። በሕክምና ላይ ያለ የእግር ቁስልም በአራት ሳምንት ውስጥ በግማሽ ካልጠበበ ባለው መንገድ የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ ሕክምናው እንደገና መታየት አለበት። ቁስሉ ካመረቀዘ፣ ከሸተተ፣ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ካመጣ ግን አንድ ቀንም አይታደርም።

ለውዱእ ልፍታው?

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ እንመልስ። በቀን አምስት ጊዜ ፋሻ የሚፈታ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ለጋውን ሥር ይበጥሳል ማለት ነው። ፋሻው ከቀይ ሥጋው ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ የሚታየው ደም የዚያ ምስክር ነው። ዲናችን ይህን አላዘዘም። ቁርኣን ውሃ የሚጎዳው ሕመምተኛ ተየሙም እንዲያደርግ ፈቅዷል። ዑለማኦችም ጀቢራ ማለትም የታሰረ ቁስል ያለበት ሰው ጤነኛውን አካል አጥቦ በፋሻው ላይ በእርጥብ እጁ እንዲያብስ ፈቅደዋል። ተየሙም ይጨመርበት ወይስ አይጨመርበት በሚለው ላይ መዝሀቦች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ዝርዝሩን ከአካባቢያችሁ ዓሊም ጠይቁ።

አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን ታሪክ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በጉዞ ላይ ራሱን የተፈነከተ አንድ ሰው ትጥበት ግዴታ ይሆንበታል። ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ባልንጀሮቹን ሲጠይቅ አይበቃህም አሉት፤ ታጠበ፤ ሞተም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወሬው ሲደርሳቸው ያለ ዕውቀት የፈረዱትን ሰዎች በብርቱ ወቀሱ፤ የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። በቁስል ጉዳይ ያለ ዕውቀት መናገር ነፍስ እንደሚያጠፋ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። «ኢማንህ ደካማ ስለሆነ ነው ፋሻውን የማትፈታው» እያሉ ሕመምተኛን የሚያሸማቅቁ ወገኖቻችንም ይህን ያስቡበት።

ውዱእ ደግሞ በሌላ በኩል ለስኳር ሕመምተኛ ታላቅ ጥቅም አለው። እግሩን የሚያጥብ ሰው ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩንና በጣቶቹ መካከል ያለውን በዓይኑ ይመርምር። ዓይኑ ከደከመ ልጁ ይይለት። የሞቀ ውሃ ሲጠቀም ሙቀቱን በደነዘዘ እግሩ ሳይሆን በክንዱ ይለካ። ታጥቦ ሲጨርስም በጣቶቹ መካከል ያለውን በደንብ ያድርቅ፤ ጫማውንም ከማጥለቁ በፊት ጠጠር እንዳይኖርበት በእጁ ይዳስስ። ይህን የሚያደርግ ሰው ቁስሉን ገና በውሃ መቋጠር ደረጃ ላይ እያለ ይደርስበታል።

ውድ አድማጮቻችን፣ አንድ ትንሽ ቁስል ለመሻር ይህን ያህል መልእክት፣ ይህን ያህል ተራና ሥርዓት ያስፈልገዋል። ሥሩን ማብቀል የእኛ ሥራ አይደለም። ከእኛ የሚጠበቀው የበቀለውን አለመርገጥ፣ አለመበጠስ፣ በባዕድ ነገር አለመቅበርና በጊዜው ወደ ባለሙያ መሄድ ነው። ዱዓችንን ከሕክምናው ጋር እናድርገው እንጂ አንዱን ለሌላው ምክንያት አድርገን አንተው። በየቤታችሁ እግሩን ጠቅልሎ ዝም ያለ አባት ወይም እናት ካለ ዛሬውኑ ፋሻውን ማን እንዳሰረው፣ መቼ እንደታየ ጠይቁ። ነገ ጠዋትም እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

አላህ (ሱ.ወ) ሕመምተኞቻችንን ይፈውስልን፤ የሚያክሟቸውንም ያግዛቸው።